ጨው የገባበት ቡና

ጁላይ 30

ኢቫኖ፣ ይህን የምታነበው አንተ ከሆንክ የገጾቹን ጫፍ በሚያቃጥል ቃሪያ አሽቼዋለሁና ዓይንህን እንዳትነካ። አንተ ካልሆንክ ደግሞ፣ ማን ሆነህ ነው የሰው ደብተር የምታገላብጠው?

ነገ ለሽርሽር እንወጣለን። ከተጋባን ሁለት ዓመት አልፎን ገና አሁን ጫጉላ ልንሄድ ነው፤ እስከዛሬ ምግብ ቤቱ አለቀቀንም። ዛሬ የመጨረሻውን ድስት አጥበን ስንጨርስ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ የኢቫኖ አክስት ኤርሜሊንዳ፣ «እስከ ሴፕቴምበር ዝግ ነን» የሚለውን ወረቀት በሩ ላይ ለጠፉና ኢቫኖን በማማሰያቸው ጠቆሙት።

«ሂዱ፣ አገር እዩ፣ ብሉ፣ ጠጡ። ስትመለስ ለሴፕቴምበሩ የማርያም በዓል የሥጋ ሱጎውን ብቻህን ትሠራለህ። እኔ እንደ እንግዳ ቁጭ እላለሁ። ከጣመኝ የወጥ ቤቱን ቁልፍ ትወስዳለህ። ካልጣመኝ ኦሬስቴ እንዳለው ይሸጣል።»

ኦሬስቴ ልጃቸው ነው። ሚላኖ ይኖራል፣ ቤቱን ለሕንፃ ሠሪ ለመሸጥ ምራቁን ይውጣል። እኛ የምንተኛው ከወጥ ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል ነው። እንግዲህ አልጋችንም ከሥጋው ጋር አብሮ ድስት ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኢቫኖ አሮጊቷን አቅፎ ያሽከረክራቸው ነበር። ዛሬ «እሺ አክስቴ» ብሎ ወለሉን ማየት ያዘ። በጸደይ ያ ትኩሳት አጋድሞት ከተነሳ ወዲህ እንዲሁ ነው። ባሾፍበት አይስቅም። ስልኩን ይዞ የወይን ማስቀመጫው ምድር ቤት ይወርዳል። ትናንት ሲደወልለት በትከሻው በኩል አየሁ፤ «ፓ.» ይላል። ፓ ነጥብ። የምን ፓ?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ መመንጠር አልወድም።

ኦገስት 1፣ ሮም

እግሬ ቀልጦ አልቋል። ጣሪያው መሐል ላይ ቀዳዳ ያለውን አሮጌ ቤተ መቅደስ አየን። አንድ ጀርመን ሽማግሌ «ዝናብ ሲመጣስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቄሱ መሰላል ወጥተው ጥላ ይዘረጋሉ አልኩት። ከልቡ አመስግኖኝ ለሚስቱ ሊነግር ሄደ። ድሮ ቢሆን ኢቫኖ «እሑድ እሑድ ሁለት ጥላ ነው» ብሎ ይጨምርበት ነበር። ዛሬ አንገቱን አቅንቶ ቀዳዳውን ብቻ ያያል።

ይህን ጊዜ ነው ጨዉን ያስታወስኩት። ለክፉ ቀን ብዬ ከቤት በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ቡና ልንጠጣ ባንኮኒው ጋ ቆምን። እሱ በሞተር የምታልፍ ልጅ ሲያይ (እሱንም አይቻለሁ) ጨዉን በሙሉ ስኒው ውስጥ ገለበጥኩት። ስኒዋ እኮ አውራ ጣት አታስገባም። እንደ ጥሩ ሚስት አማሰልኩለት።

በሁለት ጉንጭ ጨለጠው። እኔ ሳቄን በጥርሴ ይዤ እጠብቃለሁ።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«ጥሩ ነው። የሮም ቡና መቼም ጥሩ ነው።»

ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም። ይህ እኮ በገዛ ጓደኛው ሠርግ ላይ «ስኒው ሳሙና ሳሙና ይላል» ብሎ ቡና የመለሰ ሰው ነው።

ወይ አይቶኛል፣ ጨክኖ ዋጠው፣ ለብድሩ እያደባ ነው። ወይ ደግሞ ልቡ እዚህ የለም። ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ምላሱንም ይዞት ይሄዳል።

ኦገስት 3

ቸኩያለሁ፣ ባቡሩ ሊነሳ ነው። ዛሬ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቆለፈ። ቆየ። ውኃ አይሰማም። ምን ትሠራለህ ስለው «ምንም»። ምንም ለመሥራት ቁልፍ ምን ያደርጋል?

ኦገስት 4፣ ናፖሊ

ሴትየዋ የካላብሪያ ሴት ናት። አረጋግጫለሁ።

መንገድ ዳር የተጠበሰ ፒዛ ገዝተን ስንበላ የእሱን ግማሽ በቃሪያ ዘይት አጠብኩት። እኛ ፖ ወንዝ ዳር ያደግን ሰዎች ቃሪያ ስናይ ዶክተር ነው የምንጠራው። ኢቫኖ ነከሰ። ቆመ። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ግንባሩ አላበው። አሁን ይሰድበኛል ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ።

«ጨምሪበት» አለኝ።

«ምን?»

«እሱን ዘይት። ጨምሪበት፣ ጦጣዬ። ተሰማኝ።»

ከስንት ወር በኋላ ምግብ ላይ ሳቀ። በራትም ቃሪያ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ነገር ማን ያስለምዳል? የካላብሪያ ሴት። እዚያ ሕፃን ጡት ሲጥል ቃሪያ ይሰጡታል አሉ። ፓ. ፓስኳሊና። ፓትሪዚያ። አንዷ ናት።

ኦገስት 6

ዛሬ አሳፈረኝ። እኔን ያሳፈረ ሰው እንግዲህ አስቡት።

ወደቡ ጋ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት የዛጎል ስፓጌቲ አዘዝን። ዛጎሉ ገና አፉን እንደከፈተ የመጣ ነው፣ የባሕር ሽታው ከጎረቤት ጠረጴዛ ይጣራል። ኢቫኖ አስተናጋጁን ጠራው። ሽበታም፣ ፎጣ ክንዱ ላይ ያጠፈ ሰውዬ ነው።

«ፎርማጆ ታመጣልኛለህ?»

ሰውዬው ሳህኑን አየ። ኢቫኖን አየ። ሳህኑን ደግሞ አየ። «ለየትኛው ሳህን ጌታዬ?»

«ለዚህ።»

«ይሄ እኮ ከባሕር የወጣ ነው፤ ፎርማጆ አይነካውም።»

«አውቃለሁ።»

«እናትዎ በሕይወት አሉ?»

«የሉም።»

«ነፍስ ይማር። ይህን ሳያዩ መሄዳቸው ነው ደጉ» ብሎ ፎርማጆውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አመጣው፤ የሞተ አይጥ ያመጣ ይመስል።

እኔ በሳቅ ወንበሬን ይዤ ልወድቅ ደረስኩ። ከዚያ ሳቄ ቀረ። ባለፈው ዓመት አንድ የቬሮና ደንበኛ በዓሣ ላይ ፎርማጆ ቢጠይቀው ኢቫኖ ሽርጡን ፈቶ ነው እስከ በሩ የሸኘው። አሁን እሱ ራሱ እንደ በረዶ ይነሰንሰዋል።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ትንሽ ሻካራ ነገር ጥርሴ ላይ እንዲሰማኝ ብዬ ነው።»

ለጥርሱ። በሌላ ሴት ያበደ ሰው ሥነ ሥርዓት ይረሳል ይባላል። ግን ዛጎልን እስከመርሳት?

ኦገስት 9፣ ፓሌርሞ

አገኘሁት። ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው፤ እሱ ታች ሲጋራ ሊገዛ ወርዷል።

ቦርሳው ሥር፣ ካልሲ ውስጥ የተጠቀለሉ አራት ትንንሽ ጠርሙሶች። ስም የላቸውም። ከፈትኳቸው። አንዱ ሎሚ። አንዱ ቅርንፉድ። አንዱ የሳል መድኃኒት ይሸታል። አራተኛው ጽጌረዳ። ጽጌረዳ! መታጠቢያ ቤት ቆልፎ የሚያሸተው ይህንን ነው። የእሷን ሽቶ። አንድ ጠርሙስ ለናፍቆት፣ ሌሎቹን ለማሳሳቻ።

ትናንት የሟቾቹን ዋሻ ስናይ፣ እነዚያ በሱፍና በቀሚስ ግድግዳ ላይ የቆሙ አስከሬኖች መሐል ገብቼ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። አንዲት የስዊስ ሴትዮ ስታልፍ «ሰዓት ስንት ነው?» አልኳት። ጩኸቷ እስከ ሰማይ ተሰማ፣ ዘበኛው አባረረን። ውጭ ስንወጣ ኢቫኖ «መቼ ነው የምታድጊው?» አለኝ። እሷ ያደገች ናት ማለት ነው።

ጽጌረዳውን መጸዳጃው ውስጥ ደፋሁት። ከገበያ ከገዛነው የሰርዲን ማሰሮ ጨዋማ ውኃውን ቀድቼ ሞላሁበት። የጠርሙሱ ክዳን እንኳ ይሸታል። ናፍቆቱን ነገ ጠዋት እናየዋለን።

ኦገስት 10

ቆለፈ። ከበሩ ጀርባ ቆሜ ጩኸት ጠበቅሁ።

ወጣ። ፊቱ ያው። «ቁርስ እንብላ?» አለኝ።

ምንም አልገባኝም። ወይ ይህ ሰው ድንጋይ ነው ወይ እኔ ሞኝ ነኝ።

ኦገስት 12

ገበያ ውስጥ የተጠበሰ ጣፊያ ያለበት ዳቦ በላን፤ ሻጩ «ለባልሽ ድርብ ላድርግለት፣ ጠውልጓል» አለኝ። ሁሉም ሰው ያየዋል ማለት ነው።

ከዓሣ ሻጮቹ ጋ ስንደርስ ኢቫኖ አንድ ትልቅ ዓሣ አነሳ፣ ጉንጩን ገለጥ አደረገና ወደ እኔ ዘረጋው። «አሽቺው እስቲ።»

«እኔ? አንተ አይደለህም ወይ ከበሩ ሆነህ የትናንቱን ከዛሬው የምትለየው?»

«አሽቺው አልኩ፣ ኢሪዴ።»

በስሜ ከጠራኝ ነገሩ ጨዋታ አይደለም። አሸተትኩት። ትኩስ ነው አልኩት። ምን እየፈተነኝ እንደሆነ እንጃ። እሷ ዓሣ ማሽተት የምትችል ናት መሰለኝ።

ኦገስት 14፣ ቼፋሉ

ባሕሩ ዳር ክፍል ተከራየን፤ ጋዝ ምድጃ ያላት ጠባብ ወጥ ቤት አለችው። አከራያችን ዶና ክሮቺፊሳ ናቸው፤ ባላቸው የሞተ፣ ጥቁር የለበሱ፣ ከበረንዳቸው ሆነው የሰፈሩን ሁሉ ነገር የሚቆጣጠሩ። ዛሬ ለጎረቤታቸው ሲያወሩ ሰማኋቸው፦

«ያ ሰሜናዊው ልጅ የሠራሁለትን የብርቱካን ኬክ እንደ እንጨት አኝኮ ዋጠው። ወንድ ልጅ ምግብ ካልጣመው ወይ ታሟል ወይ ሌላ ቤት በልቷል።»

«ሚስቱስ?»

«እሷማ ስትስቅ ነው የምትውለው፣ ምስኪን።»

ምስኪን። በጣም አናደደኝና የልብስ መቆንጠጫቸውን በሙሉ ደበቅሁባቸው። በኋላ ራርቼ መለስኩ። ግማሹን።

ኦገስት 15

በዓል ነው፣ አገር ሁሉ ባሕር ዳር ነው፤ ሐብሐብ፣ ሕፃናት፣ ሬዲዮ። ኢቫኖ አሸዋው ላይ ተኝቷል፤ እኔ ፀሐይ በዛብኝ ብዬ መጥቻለሁ። ያደረግሁትን ልጻፍ።

ትናንት ሲደውል ከጓዳው ሰማሁት። «ጠዋትና ማታ እንዳልሽኝ አደርጋለሁ… አይ፣ ምንም… አታውቅም፣ ከተመለስን በኋላ እነግራታለሁ… እሱን ቀን ካለፍኩ።» አለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። ለእኔ እንደዚያ ካወራኝ ቆየ።

ዛሬ እሱ ሲዋኝ ቁጥሩን ከስልኩ ገልብጬ ከዶና ክሮቺፊሳ ቤት ደወልኩ። ልሰድባት የተዘጋጀሁትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ያነሳው ግን ማሽን ነው፦ «የዶክተር ፓንካልዲ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክሊኒክ በበዓሉ ምክንያት ዝግ ነው።» የሴት ድምፅ፣ የተማረ፣ ቀስ ያለ።

ዶክተር! እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ የአስተማሪውን ወንበር በሙጫ ቀብቼ የተባረርኩ ነኝ። ከዶክተር ጋር ምን ልወዳደር? ጆሮና ጉሮሮ አለች። ጆሮው እኔ ስጠራው አይሰማም፣ ለእሷ ግን ይቆማል።

ከሰዓት ኋላ ጠየቅሁት። በቀልድ አስመስዬ። «አንተ፣ ሌላ ሴት ብትኖርህ የት ትደብቃታለህ?»

 «አንቺ ባለሽበት ቤት ቦታ የታለ?» አለና ጸጉሬን አሸዋ ሞላው። ደስ ሊለኝ ሲል ትዝ አለኝ፤ «የለችም» አላለም።

ኦገስት 18

በጀልባ ወደ እሳተ ገሞራው ደሴት ሄድን። ገና ሳንደርስ ሽታው ተቀበለን፤ ሺህ የበሰበሰ እንቁላል በአንድ ድስት። ጀልባው ላይ ያለ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። አንድ ሕፃን አስታወከ። እኔ ጣቴን ወደ ኢቫኖ ቀስሬ «ይቅርታ አድርጉለት፣ ባቄላ በልቶ ነው» ብዬ ለሁሉም አወራሁ፤ ተሳቀ።

ኢቫኖ ግን የጀልባው ጫፍ ላይ ቆሞ ደረቱን ነፍቶ ተነፈሰ። ደጋግሞ። ዓይኑን ጨፍኖ። የሆነ ነገር የጠፋበት ሰው በጨለማ እጁን ዘርግቶ እንደሚፈልገው።

«ንጹሕ አየር ነው» አለኝ ሲገልጠው።

ይቀልዳል ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ንጹሕ አየር።

ኦገስት 20

እሺ። ልጻፈው።

በለስ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ከደረጃው ግርጌ ሸተተኝ። ጋዝ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በሩን ስከፍት ቡናው ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል፣ ምድጃው ሲስ ይላል፣ ክፍሉ በጋዝ ታፍኗል። ኢቫኖ ከምድጃው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል።

«መጣሽ? ይሄ ምድጃ ጠፋብኝ መሰለኝ» አለና ክብሪቱን አነሳ።

በበለሱ ከረጢት መታሁት። ክብሪቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ምድጃውን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ጎትቼ በረንዳ ላይ አወጣሁት። ሸሚዙ በበለስ ተለቅልቋል።

«አብደሻል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «በለስ ለመወርወር ከስንት ጊዜ ጀምሮ ሲያምረኝ ነበር።»

የጋዙን ነገር አላነሳሁም። ፊቱን አየሁት። በእውነት አያውቅም።

አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ።

ኦገስት 21

ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ጨዉን። ፎርማጆውን። ዓሣውን «አሽቺው» ያለኝን። የቃሪያውን «ተሰማኝ»። ያ የጸደይ ትኩሳት ሲለቀው አፍንጫውንና ምላሱን ይዞበት ሄዷል። ጠርሙሶቹ የሴት አይደሉም፤ ማሠልጠኛ ናቸው፤ አፍንጫ እንደገና ፊደል ሲቆጥር። እኔም መምህሩን ሰርዲን አደረግሁት። እንግዲህ ያ ሰው በየጠዋቱ ቆልፎ፣ ተስፋ አድርጎ፣ የእኔን የሰርዲን ውኃ ሲምግ ነበር።

የዛሬ ዓመት ቢነግሩኝ በሳቅ እንከባለል ነበር።

ለምን አልነገረኝም? ይህም ያቃጥለኛል። ስነግራት ትስቃለች፣ በአክስቴ ፊት እኔን አስመስላ ታሾፋለች፣ በመንደሩ ሁሉ ትቀልድብኛለች ብሎ ነው። ተሳስቷል ልል ነበር። ከዚያ የጀልባውን ባቄላ አስታወስኩ።

አልነግረውም። ከነገርኩት ምግብ አብሳይ ሳይሆን በሽተኛ ሆኖ ነው ቤቱ የሚገባው፣ አሮጊቷ ደግሞ ፊት ታነባለች።

ኦገስት 22

ከዶና ክሮቺፊሳ ማሰሮ ጽጌረዳ ሰርቄ፣ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፌ፣ ጠርሙሱን በኮምጣጤ አጥቤ ሞላሁት። እንደ ዱሮው ባይሆንም ጽጌረዳ ነው። እሳቸው ከበረንዳ አዩኝ። «ልጄ፣ ለማን ነው?» አሉ። «ለሌላዋ ሴት» አልኳቸው። ሦስት ጊዜ አማተቡ።

ኦገስት 25

አዲስ ጨዋታ ጀምሬያለሁ። የምንበላውን ሁሉ እሰድባለሁ።

«ይሄ የፒስታቺዮ ጀላቲ» አልኩት ዛሬ ካቴድራሉ ደረጃ ላይ ተቀምጠን፣ «መጀመሪያ እንደ አዲስ የተላጠ እንጨት ይሸታል፣ ከዚያ ቅቤ ይሆንና ያታልልሃል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጨው አለበት፤ ልክ እንደ እናቴ፣ ስትስምህ የምትቆነጥጥ።»

እየላሰ ዓይኑን ጨፈነ። «እና በረዶውስ፣ ግራኒታው?»

«ግራኒታው የአልሞንድ ነው፤ የሕፃን አንገት ሽታ አለው። ካልታጠበ ሕፃን።»

ሳቀ። ለረጅም ጊዜ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየኝና «ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የምታወሪው?» አለኝ።

«ከተወለድኩ ጀምሮ። አንተ ነህ የማትሰማ።»

መጠርጠር ጀምሯል። አሁን ተራው የእሱ ነው።

ሴፕቴምበር 4፣ ቤት

አክስት ኤርሜሊንዳ ከበሩ ላይ ወረቀቱን ቀደዱት። ኢቫኖን ከጣቢያ እንደመጣ የፎርማጆ ቁራጭ አጎረሱትና ሲያኝክ አዩት።

«ስንት ወር የቆየ ነው?» አሉት።

 እሱ ማኘኩን ቀጠለ። ዘልዬ ከእጃቸው ቁራጩን ነጠቅሁና ጎረስኩት። «ኧረ አክስቴ፣ ይሄ ሠላሳ ወር የሞላው ሽማግሌ ነው፣ ጥርሴን ሰበረኝ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ፣ ሌባ» አሉ። ዓይናቸው ግን እሱ ላይ ቀረ። የሆነ ነገር ሸቷቸዋል።

ሴፕቴምበር 8

በአክስት ኤርሜሊንዳ ወጥ ቤት አንድ ሕግ አለ። በሠሪው ድስት ውስጥ የሠሪው ማንኪያ ብቻ ይገባል፤ ሌላ ሰው አይቀምስም፣ ሠሪውም «እስቲ ቅመሱልኝ» አይልም። ያለ እንደሆነ ሽርጡን ያወልቃል። እኔ ግን ወደዚህ ቤት ከመጣሁ ጊዜ ጀምሮ ዳቦ ነክሬ እሰርቃለሁ፣ እሳቸውም በፎጣ ያሯሩጡኛል። ሌብነት ሕጉ ውስጥ የለም።

ዛሬ በዓሉ ነው፤ ኢቫኖ ሱጎውን ጠዋት ጀመረ። ሽንኩርቱን በዓይኑ ነው የሚያበስለው፣ ሥጋውን በጆሮው፤ ሲሰነጣጠቅ ይሰማና ወይኑን ያፈሳል። እስከዚያ ድረስ ማንም አያሸንፈውም። ከዚያ ማንኪያውን አፉ ውስጥ ከቶ ቆመ። አክስቱ በምግብ ቤቱና በወጥ ቤቱ መካከል ባለው መስኮት እያዩት ነው። አጠገባቸው ኦሬስቴ ስልኩን ይነካካል።

ዳቦዬን ይዤ ገባሁ። ነከርኩ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ የሆስፒታል ሾርባ?» አልኩት ጮክ ብዬ። «የጨው ዕቃውን ኦሬስቴ ሸጠው እንዴ?»

«ውጪ!» አሉ አክስት ኤርሜሊንዳ።

ኢቫኖ ጨው ጨመረ። ዞሬ መጣሁ። ነከርኩ።

«ቲማቲሙ ከአማቱ ጋር ተጣልቷል፣ ፊቱን አኮማትሯል። ትንሽ ወተት ስጡት ይተኛ።»

እዚህ ላይ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። ማማሰያው እጁ ላይ ቀረ።  እኔ ምላሴን አወጣሁበት። ወተቱን አፈሰሰ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስገባ ፎጣው ጆሮዬን አገኘው። ግን ነክሬ ነበር። የገውዝ ቅመሙ ልክ፣ ጨዉ ልክ፣ ስቡ ከላይ ወርቅ ሆኗል። «በቃ አትነካካው፣ አህያ» ብዬ ሮጥኩ።

«ሌባዋ ዛሬ ወሬዋ በዛ» አሉ አክስት ኤርሜሊንዳ። ማንም አልሳቀም።

ሱጎው ቀረበ። ኦሬስቴ ጎርሶ «ጨዉ አልበዛም?» አለ።

«አንተ ዝም በል። ምላስህን ሚላኖ በልቶታል።»

ኢቫኖ የጠረጴዛውን ጫፍ ያዘ። እሳቸው ቀስ ብለው በሉ። ሳህኑን በዳቦ ጠረጉት፣ ሁለት ጊዜ፣ እንደ መስተዋት እስኪሆን። ከዚያ ከሽርጣቸው ኪስ ቁልፉን አወጡ። ኢቫኖ እጁን ዘረጋ። እሳቸው ግን አለፉትና የዳቦው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት።

«ዳቦ ለምትሰርቀዋም ይቅረብላት» አሉና ቡና እንዲያፈሉላቸው ጠየቁ።

ምን ያህል እንዳወቁ አላውቅም። ሲነሱ ጆሮዬን ቆነጠጡኝ፤ ፎጣው የመታኝን ጆሮ፣ ግን ቀስ ብለው።

ሴፕቴምበር 9

ዛሬ ጠዋት ኢቫኖ ቀድሞኝ ተነስቶ ቡና አፍልቶ ጠበቀኝ። ስኒውን ራሱ አማሰለልኝ፤ እንደ ጥሩ ባል። ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ እጁን አጣጠፈ።

ጎረስኩት። ጨው። አንድ ሙሉ ማንኪያ። ዓይኔ እንባ አፈሰሰ። ስኒውን ወደ ኋላ ገልብጬ እስከ ዝቃጩ ጠጣሁት።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ጥሩ ነው። የዚህ ቤት ቡና መቼም ጥሩ ነው።»

«አንቺም ጠፋብሽ እንዴ?» አለኝ። ስኒው ሥር የቀረውን ጨው ሮም ላይ አይቶት ኖሯል።

ከዚያ መሳቅ ጀመርን፤ እሱ መሐል ላይ ማልቀስ ጀመረ፣ እኔ ደግሞ ውኃ ፍለጋ ሮጥኩ። ስመለስ አራቱ ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ሁሉንም ነገረኝ፤ ዶክተሯን፣ ምድር ቤቱን፣ ፍርሃቱን። «ሽታው ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል ብላኛለች» አለ። ከዚያ ጽጌረዳውን አንስቶ በጣቱ አሽከረከረው።

«አንድ ነገር ለእሷም አልነገርኳትም፣ አበደ እንዳትለኝ። ያን በለስ በወረወርሽብኝ ማግስት ጠዋት ይህን ከፍቼ ሳሸት… ለአንድ ትንፋሽ ያህል… ጽጌረዳ መሆኑን እያወቅሁ፣ ዓሣ ዓሣ አለኝ። ሰርዲን። ከዚያ ጠፋ። አእምሮዬ ነው የፈጠረው፣ አይደል?»

አፌ ውስጥ ያለውን ውኃ ስኒው ውስጥ መልሼ ተፋሁት።

«ኢቫኖ» አልኩት፣ «አትቆጣ። አላበድክም።»